ዋኘው ዋና አይችልም

ሲመድቡኝ «ሁለት ዓመት ብቻ» አሉኝ፣
ከአዘዞ በአውቶቡስ፣ ከጎርጎራ በታንኳ ላኩኝ።
ይኸው አምስተኛው ክረምት ወጣ፤
ድመቷ ሦስቴ ወለደች በዚያች ባመጣኋት ሻንጣ።

ደሴቷ ትንሽ ናት። አርባ አንድ ጎጆ፣ አንድ ደብር፣
ጌሾ፣ ሎሚ፣ በድንጋይ የተካበ ድንበር።
ስልክ የሚሰማው ከአንድ ቋጥኝ ላይ፣
እሷንም አሞራ ይቀድመናል፣ ገና ሲወጣ ፀሐይ።

ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ስሙ «ማዶ» ነው፤
ወፍጮው ማዶ፣ ዳኛው ማዶ፣ ጨውም ማዶ ነው።
ጥርሱን ያመመውም፣ ሚስቱ የከዳችውም
ማዶ ይሻገራል፤ ሲመለስ ግን ያየውን አይናገርም።

የሚያሻግረኝ ዋኘው ነው።
ሐይቁ አባቱን ወስዶ፣ እናቱ በተዝካሩ ማግስት ወልዳው
«ዋኘው» አለችው፤
እንደ ትእዛዝ፣ እንደ እልህ።
እሱ ግን ዋና አይችልም።
ዕድሜ ልኩን ቀዝፎ አንድ ቀን ገላውን አላስነካው።
«ውሃ እንደ ውሻ ነው» ይላል፣ «ከለመደሽ ይከተልሻል።
አባቴን በጣም ለምዶት ነበር።»

ታንኳውን ራሱ ይሠራል፤ ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ።
ከሦስት ወር አታልፍም፤ ውሃ ጠጥታ ጠጥታ ትሰክራለች፣
ከዚያ ለማገዶ።
አንዴ «ጎንደር ያለው ግንብ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።
ነገርኩት።
«ታዲያ ሠሪው ቀሪ ዘመኑን ምን ሲሠራ ኖረ?»

ሐሙስ ዕለት ነው። ጥቅምት።
ጀልባዋ ነዳጅ የላትም ተባለ፤
የክትባቱን ሳጥን ታቅፌ በታንኳ ተነሣን፣
አራት ጡብ በረዶ ይዘን፣ ዐሥራ አንድ ሕፃን እየጠበቀን።
እኩል መንገድ ላይ ነፋሱ ዞረ፤
እምቦጩን ነድቶ አመጣው፣ ዙሪያችንን አጠረ።
አበባው ያምራል፣ ወይን ጠጅ ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።
መቅዘፊያው ገብቶ አይወጣም።
ሳጥኑ ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው በረዶ መንቦጫረቅ ጀመረ፤
ጆሮዬን ለጠፍኩበት፣ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ።

ማዶ፣ አሁን ማዶ የሆነችው ደሴቷ ናት፣
እነ አጀቡሽ ጥላ ዘርግተው ቆመዋል፣ ይታያሉ፤
ይጣራሉም።
ድምፃቸው ይደርሳል፣ እኛ አንደርስም።

ዋኘው እኔን አየ። ሳጥኑን አየ።
ጋቢውን አጥፎ ጉልበቴ ላይ አኖረ፣
ማጭዱን በጥርሱ ነክሶ
ወረደ።

ጭቃ ይርገጥ፣ አይርገጥ፣ አላውቅም።
ውሃው ደረቱ ጋ፣ ውሃው አንገቱ ጋ፣
በአንድ እጁ ታንኳዋን እንደ እናት ቀሚስ ጫፍ ይዞ
በሌላው ያጭዳል፤
ጤፍ እንደሚያጭድ፣ ጎንበስ ሳይል ብቻ።
አንድም ቃል አልወጣውም። የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

ስንደርስ ቴርሞሜትሩ ሰባት ይላል።
ስምንትን ቢያልፍ ሁሉንም እደፋው ነበር።
ዐሥራ አንዱም አለቀሱ።
እንዴት ያለ ጥሩ ለቅሶ!

ማታ በኩራዝ ቅጹን ሞላሁ።
«የመጓጓዣ ዓይነት፦ መኪና፣ ሞተር፣ በቅሎ፣ እግር።»
ብዕሬ ቆመ። «ሌላ» የሚል ቦታ የለውም።
«እግር» ላይ ምልክት አደረግሁ፤
የማን እግር እንደሆነ አልጠየቁኝ።

ጠዋት ስወርድ ታንኳዋ ዋርካ ተደግፋ ውሃዋን ታንጠባጥባለች።
ዋኘው ከዳሩ ሃያ እርምጃ ርቆ ተቀምጧል፣
ከማሰሮ እየቀዳ ፊቱን ይታጠባል።
ሞገዱ አሸዋውን ልሶ ይመለሳል፤ ልሶ ይመለሳል።
«አየሽው?» አለኝ ሳይዞር።
«ለመደኝ።»